ቁጠባና ጡረታ ያለው ሰው በአሜሪካ «ዲሰቢሊቲ» ሲጠይቅ፦ ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ ታመው ወይም ተጎድተው ሥራ ያቆሙ ወገኖቻችን በገንዘባቸው ላይ ከሁለት አንዱን ሲያደርጉ አያለሁ፤ ሁለቱም ይጎዳቸዋል። አንዱ «ባንክ ቤት ገንዘብ ስላለኝ አይሰጡኝም» ብሎ ለ«ዲሰቢሊቲ»፣ ማለትም ለአካል ጉዳት ክፍያ፣ ሳያመለክት ይቀራል። ሌላው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ለእህቱ ያዞራል ወይም አገር ቤት ይልካል። የመጀመሪያው የራሱን መብት ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ እስከ 36 ወር የሚደርስ ቅጣት በገዛ እጁ ይጠራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሳያነቡ ከአካውንትዎ አንድ ዶላር እንኳ አያንቀሳቅሱ።

የማነሳቸው አኃዞች የ2026 ናቸው። አንዳንዶቹ በየጃንዋሪው ይሻሻላሉ፤ አንዱ ግን ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ እሱን ወደ ታች እናገኘዋለን።

እርምጃ 1፦ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ሰው ሁሉ በደፈናው «ዲሰቢሊቲ» ይበለው እንጂ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው።

ኤስኤስዲአይ መድን ነው። ሲሠሩ ከደመወዝዎ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ ሲቆረጥ የኖረው ግብር ነው የሚመለስልዎ። ለማግኘት በቂ «ክሬዲት» ያስፈልጋል። በ2026 አንድ ክሬዲት የሚገኘው 1,890 ዶላር ሲሠሩ ነው፤ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም። በጥቅሉ 40 ክሬዲት፣ ከእነሱም 20ው ባለፉት 10 ዓመታት የተገኙ እንዲሆኑ ይጠየቃል፤ በወጣትነቱ ለታመመ ሰው ያነሰ ይበቃል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያገለገሉባቸው ዓመታት እዚህ አይደመሩም፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የሥራ ዘመንን የሚያቻችል የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት የላቸውምና።

ኤስኤስአይ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ የሚሰጥ፣ አቅም ለሌለው ሰው የሚከፈል ድጎማ ነው። የሥራ ታሪክ አይጠይቅም፤ የሚመረምረው ኪስዎን ነው። በ2026 ከፌዴራል የሚከፈለው ከፍተኛው መጠን ለአንድ ሰው በወር 994 ዶላር፣ ሁለቱም ተጠቃሚ ለሆኑ ባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው።

አሁን እየተቀበሉ ከሆነና የትኛው እንደሆነ ካላወቁ፣ ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን ይመልከቱ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚገባው ኤስኤስአይ ነው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ረቡዕ የሚገባው ኤስኤስዲአይ ነው። ሁለቱንም የሚያገኝ ሰው ኤስኤስዲአዩ ብዙውን ጊዜ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ይገባለታል። አዎ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል፤ ኤስኤስዲአዩ ትንሽ ከሆነ ኤስኤስአይ ይሞላበታል። ያን ጊዜ ግን የጥብቁ፣ ማለትም የኤስኤስአይ ሕግ፣ በእርስዎ ላይ ይሠራል።

እርምጃ 2፦ ኤስኤስዲአይ ብቻ ከሆነ

ባንክ ውስጥ 500 ዶላርም ይኑርዎት 500,000፣ ኤስኤስዲአይ ግድ የለውም። ቤት፣ ሁለት መኪና፣ አክሲዮን፣ አገር ቤት ያለ ሕንፃ፣ ምንም አይጠየቁም። ከ401ኬ ወይም ከአይአርኤ (በቀጣሪ በኩል ወይም በግል ከሚከፈቱ የጡረታ ቁጠባ አካውንቶች) ገንዘብ ቢያወጡ ክፍያው አይነካም። የቀድሞ ቀጣሪዎ የሚከፍልዎ የግል ጡረታም እንዲሁ። ቁጠባ አለኝ ብለው ለኤስኤስዲአይ ሳያመለክቱ የቀሩ ሰዎችን ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው።

ሆኖም ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶብዎ የሠራተኛ ካሣ የሚከፈልዎ ከሆነ፣ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት ክፍያ የሚያገኙ ከሆነ፣ የዚያና የኤስኤስዲአይ ድምር ከመጎዳትዎ በፊት ከነበረው አማካይ ገቢዎ 80 በመቶ ከበለጠ ትርፉ ከኤስኤስዲአይ ላይ ይቀነሳል። በቀጣሪዎ በኩል የተገባ የግል የረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት መድን ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤስኤስዲአይ አይነካም፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን የሚቀንሰው የመድን ድርጅቱ ነው። ውዝፍ ኤስኤስዲአይ በአንድ ጊዜ ሲከፈልዎም ድርጅቱ «ያበዛሁልህን መልስ» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ውዝፉ እንደገባ አያጥፉት።

ከኢትዮጵያ መንግሥት ጡረታ የሚያገኙ ሰዎች ቀድሞ ሌላ ችግር ነበረባቸው። የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ካልተከፈለበት ሥራ የተገኘ ጡረታ፣ የውጭ አገሩንም ጨምሮ፣ የሶሻል ሴኩሪቲውን ስሌት ዝቅ የሚያደርግ ደንብ ነበር። ያ ደንብ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ተሽሯል፤ ውጤቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ላለው ክፍያ ነው። በፊት ተቀንሶብዎ ከነበረና እስካሁን ካልተስተካከለ ይጠይቁ።

ሌላው ግብር ነው። ነጠላ ሰው ከሆኑ የኤስኤስዲአይዎ ግማሽና የሌላው ገቢዎ ድምር ከ25,000 ዶላር፣ አብረው ግብር የሚያስገቡ ባለትዳሮች ከሆናችሁ ከ32,000 ዶላር ሲያልፍ፣ ከኤስኤስዲአይዎ ላይ ከፊሉ ግብር ይታሰብበታል። በአንድ ዓመት ከ401ኬ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው እዚህ ውስጥ ሳያስበው ይገባል።

ኤስኤስዲአይ ብቻ ከሆነ የሚቀበሉት፣ ከዚህ በኋላ ያለው አብዛኛው አይመለከትዎትም።

እርምጃ 3፦ ኤስኤስአይ ከሆነ፣ ገንዘብዎ የሚቆጠርበትን ቀን ይወቁ

ጣራው ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። ከ1989 ጀምሮ ያልተነካው ቁጥር ይኸው ነው። የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ለምናውቅ ሰዎች 2,000 ዶላርን «ሀብት» ማለት የሚያስቅ ነው፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። በአንድ ዶላር ቢያልፍ የዚያ ወር ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይቀራል እንጂ በልኩ አይቀነስም።

ቆጠራው የሚካሄደው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው። በወሩ ውስጥ የገባ ገንዘብ በዚያ ወር «ገቢ» ነው፤ ሳይወጣ ቀርቶ ቀጣዩ ወር ከገባ «ሀብት» ይሆናል። ሜይ 10 ቀን 3,000 ዶላር ቢገባልዎና እስከ ሜይ 31 ለተገቢ ነገር ቢያውሉት፣ ጁን 1 ላይ ሀብት ሆኖ አይቆጠርም። የሜይ ገቢ ሆኖ ግን ይታሰባል። የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ሲውል የኤስኤስአይ ክፍያ ቀደም ብሎ ይገባል፤ ያ ክፍያ ወሩ ሲለወጥ አካውንትዎ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ሀብት ተብሎ አይቆጠርብዎትም።

የማይቆጠረውም ብዙ ነው፦ የሚኖሩበት ቤት ዋጋው ምንም ይሁን ምን፤ እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ የሚጓጓዙበት አንድ መኪና፤ የቤት ዕቃ፤ የመቃብር ቦታ፤ ለቀብር ለብቻው የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላር። የሕይወት መድንዎ የውል መጠን ከ1,500 ዶላር ካልበለጠም አይቆጠርም። የፌዴራል ግብር ተመላሽ ለ12 ወራት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ውዝፍ ክፍያ ደግሞ ለዘጠኝ ወራት ከቆጠራ ውጭ ናቸው። ውዝፉን ለብቻው አካውንት ውስጥ ማስቀመጥ ኋላ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ካለዎት ቁጠባ ላይ ባንኩ የሚከፍልዎ ወለድ እንደ ገቢ አይታሰብም፤ ሳይወጣ ቀርቶ ሲጠራቀም ግን ከሀብቱ ጋር ይደመራል።

እርምጃ 4፦ ጡረታን በሁለት ዓይን ይመልከቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጡረታ አንድም በአንድ ቦታ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው፤ አንድም በየወሩ የሚገባ ክፍያ። ኤስኤስአይ ሁለቱን የሚያያቸው ለየብቻ ነው።

መጀመሪያ የተጠራቀመው። 401ኬ ወይም አይአርኤ ካለዎትና ዛሬ ማውጣት የሚችሉ ከሆነ፣ ባያወጡትም ሀብት ነው። «ለስተርጅና ያስቀመጥኩት ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። የሚቆጠረው መጠን ያለ ዕድሜ የማውጫ ቅጣቱ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው፤ ግብሩ ግን አይቀነስልዎትም። ለምሳሌ 6,000 ዶላር ያለበት 401ኬ 10 በመቶ ቅጣት ካለበት 5,400 ዶላር ሆኖ ይቆጠራል፤ ከጣራው በእጅጉ ያልፋል። ገንዘቡን ለማግኘት ሥራ መልቀቅ ግድ ከሆነና እርስዎ ገና ተቀጣሪ ከሆኑ ግን አይቆጠርም። ሥራውን ከለቀቁ ዓመታት አልፈው «የድሮው ቦታ ትንሽ ነገር አለችኝ» የሚሏት አካውንት ናት ብዙውን ጊዜ የምትቆጠረው። የቀድሞ ቀጣሪዎን ጠይቀው የሂሳብ መግለጫ ያውጡ፤ ምን ያህል እንዳለና መቼ ሊወጣ እንደሚችል በጽሑፍ ይኑርዎት።

ቀጥሎ ወርሃዊው። ከጡረታ ፈንዱ በየወሩ ክፍያ የማግኘት መብት ካለዎት፣ ፈንዱ ራሱ ሀብት መሆኑ ይቀራል፤ ያን ወርሃዊ ክፍያ ግን እንዲጠይቁ ይገደዳሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ በደብዳቤ ካሳወቀዎ በኋላ 30 ቀን አለዎት፤ ካልጠየቁ ኤስኤስአዩ ይቀራል። ዕድሜው 62 የደረሰ ሰውም ብቁ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውን ቀደም ብሎ እንዲጠይቅ የሚነገረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚገባው ገንዘብ ደግሞ እንዲህ ይሰላል። ከማንኛውም ገቢ የመጀመሪያው 20 ዶላር ይታለፍልዎታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጡረታ ዶላር ለዶላር ይቀነሳል። ጡረታዎ በወር 300 ዶላር ከሆነ 280ው ይታሰባል፤ 994 ሲቀነስ 280፣ የኤስኤስአይ ክፍያዎ 714 ዶላር ይሆናል። 700 ዶላር ኤስኤስዲአይ ያለው ሰው 314 ዶላር ኤስኤስአይ ያገኛል። ከኢትዮጵያ የሚከፈል ጡረታም ወደ ዶላር ተመንዝሮ በዚሁ መንገድ ይገባል፤ ወኪልዎ አዲስ አበባ ቢቀበልልዎም ገቢው የእርስዎ ነው፣ ያሳውቁ።

የደመወዝ አያያዝ ይሻላል። ከደመወዝ ላይ 65 ዶላር፣ ከቀረውም ግማሹ ይታለፋል። ስለዚህ ጥቂት መሥራት የሚችል ሰው ቢሠራ ይጠቀማል።

የትዳር ጓደኛዎ ኤስኤስአይ የማይቀበል ቢሆንም አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ሀብቱ ከእርስዎ ጋር ይደመራል፤ ጣራውም 3,000 ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የማያውቁት መልካም ዜና አለ፦ የእሱ ወይም የእሷ 401ኬና አይአርኤ አይቆጠርም። ባል በሥራ ቦታው ያጠራቀመውን ጡረታ ሚስቱ ኤስኤስአይ እንድታገኝ ብሎ ማፍረስ የለበትም።

እርምጃ 5፦ የእኛን ቤት ገንዘብ ያጣሩ

ቅጾቹ የተዘጋጁት እቁብ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሰከን ብለው ያንብቡ።

የጋራ አካውንት። እናት ኤስኤስአይ ይቀበላሉ፤ እንግሊዝኛ ስለሚከብዳቸው የልጃቸው አካውንት ላይ ስማቸው ገብቷል። ሶሻል ሴኩሪቲ በዚያ አካውንት ውስጥ ያለውን ሁሉ የእናት አድርጎ ይጀምራል። ገንዘቡ የልጁ መሆኑን በማስረጃ ማስተባበል ይቻላል፤ ያስገባው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መግለጫ፣ የባለአካውንቶቹ የጽሑፍ ቃልና ስሙ መለየቱን የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይደርስ ስሙን መለየት ነው።

እቁብ። 5,000 ዶላር ደርሶዎ ወሩ ሲለወጥ አካውንትዎ ውስጥ ከተገኘ ከጣራው አልፈዋል። ዕጣው መጨረሻ ላይ ከደረሰዎ የተመለሰልዎ የራስዎ ቁጠባ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከደረሰዎ ደግሞ የሚበዛው ገና የሚከፍሉት ዕዳ ነው። ይህን ለሶሻል ሴኩሪቲ ሠራተኛ ማስረዳት የሚችሉት ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት የመዋጮ መዝገብ ካለዎት ነው። በቃል ብቻ የሚሄድ እቁብ ለኤስኤስአይ ተቀባይ አይመከርም።

እድር። ለቅሶ ደርሶብዎ እድሩ ለእርስዎ የከፈለው ገንዘብ ለሟች የመጨረሻ ሕክምናና ለቀብሩ የዋለው ያህል ገቢ ሆኖ አይታሰብም፤ ትርፉ ይታሰባል። ደረሰኝ ይያዙ።

የእርዳታ መዋጮ። ሰው ሲታመም በጎፈንድሚ (በኢንተርኔት የእርዳታ ማሰባሰቢያ) ገንዘብ ማሰባሰብ የተለመደ ነው። ገንዘቡ በታማሚው ስም ገብቶ አካውንቱ ላይ ከዋለ የዚያ ወር ገቢ፣ በቀጣዩ ወር ሀብት ነው፤ ወገን ለመርዳት ያዋጣው ድጎማውን ያስቆማል። አሰባሳቢዎቹ የሆስፒታል ዕዳውን በቀጥታ ለሆስፒታሉ ቢከፍሉ ግን የታማሚው ገቢ አይሆንም። ዘመድ የሚያበላዎትም ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ አይታሰብም፤ የቤት ኪራይ ቢከፍልልዎ ግን አሁንም ይታሰባል።

አገር ቤት ያለ ንብረት። የማይኖሩበት ቤት፣ አዲስ አበባም ይሁን አትላንታ፣ መሸጥ ከቻሉ ሀብት ነው። ባንክ ያለ ብርም እንዲሁ። በሕግ ለመሸጥ የማይፈቀድልዎ ነገር፣ ለምሳሌ የአምስት ዓመቱ የዝውውር እገዳ ያላለቀ ኮንዶሚኒየም፣ በእገዳው ዘመን አይቆጠርም፤ ውሉን ግን ማቅረብ ይኖርብዎታል። ከእህትዎ ጋር በውርስ የያዙት ቤት ውስጥ እሷ የምትኖር ከሆነና ቢሸጥ መጠለያ የምታጣ ከሆነ የእርስዎ ድርሻ ከቆጠራ ሊወጣ ይችላል። «ሩቅ አገር ነው፣ ማን ያውቃል» ብሎ አለመጻፍ ግን በፊርማ የተረጋገጠ ሐሰት ነው።

እርምጃ 6፦ ከጣራው በላይ ከሆኑ በሕጋዊ መንገድ ያውርዱ

መስጠት አይቻልም። ኤስኤስአይ ለማግኘት ብለው ገንዘብ ወይም ንብረት በነፃ ወይም ከዋጋው በታች ካስተላለፉ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ወደ ኋላ 36 ወራት ያያል። 10,000 ዶላር ለወንድምዎ ቢሰጡ፣ ለ994 ሲካፈል ወደ 10 ወር ያህል ያለ ክፍያ ይቀራሉ። ወንድምዎ ገንዘቡን ከመለሰልዎ ቅጣቱ ያበቃል፤ ያን ጊዜ ግን ገንዘቡ ተመልሶ ሀብትዎ ነው።

ማዋል ግን ይቻላል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ይክፈሉ። የሚሰበር መኪና ካለዎት ይጠግኑ ወይም የተሻለ ይግዙ። ጥርስዎን ይታከሙ። ፍራሽና ማቀዝቀዣ ይግዙ። የቀብር ወጪዎን ይክፈሉ። ለራስዎ፣ በእውነተኛው ዋጋ፣ ከደረሰኝ ጋር እስከሆነ ድረስ ማንም አይጠይቅዎትም።

ማስቀመጥም የሚቻልበት መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ኤብል አካውንት ይባላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የአካል ጉዳቱ የጀመረው 46 ዓመት ሳይሞላው ለሆነ ሰው ክፍት ሆኗል፤ በፊት 26 ነበር። እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ዘመድ ወይም ጓደኛ በቀጥታ ወደ አካውንቱ ቢያስገባ የእርስዎ ገቢ አይሆንም፤ ስለዚህ ከላይ ያልነው የእርዳታ መዋጮ ማረፊያው እዚህ መሆን ነበረበት። በዓመት ሊገባ የሚችለው መጠን ገደብ ስላለው አካውንቱን ሲከፍቱ ይጠይቁ። ለቤት ኪራይ ካወጡ በዚያው ወር ይክፈሉት፤ ወሩን ካሻገሩት ይቆጠራል።

ገንዘቡ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመኪና አደጋ ካሣ ከሆነ፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚቋቋም ልዩ የአደራ ገንዘብ አለ። በራስዎ ገንዘብ የሚቋቋመው ከ65 ዓመት ዕድሜ በፊት መሆን አለበት፤ ከሞቱ በኋላ የሚቀረው መጀመሪያ ሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን) ላወጣው ይመለሳል። ይህን ያለ ጠበቃ አይሞክሩት። ካሣው ከመከፈሉ በፊት ነው ጠበቃው ማወቅ ያለበት።

እርምጃ 7፦ ያሳውቁ፣ ደብዳቤ ከመጣም ቀኑን ይቁጠሩ

ለውጥ ሲኖር ለውጡ ከሆነበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ያሳውቁ። አዲስ ጡረታ፣ ውርስ፣ የተዘጋ ወይም የተከፈተ አካውንት፣ ጋብቻ፣ የቤት ለውጥ ሁሉ ይነገራል። አገር ቤት ለመሄድም እንዲሁ፦ 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ኤስኤስአዩ ይቆማል፤ ተመልሶም 30 ተከታታይ ቀን እስኪቆይ አይቀጥልም። ኤስኤስዲአይ ለአሜሪካ ዜጋ በዚህ አይነካም።

መደበቅ የማይሠራበት ሌላም ምክንያት አለ። ሲያመለክቱ በሚፈርሙት ፈቃድ መሠረት ሶሻል ሴኩሪቲ የአሜሪካ ባንክ ሂሳብዎን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይጠይቃል፤ ያልተናገሩት አካውንት ቢኖርም ፍለጋው ሊያገኘው ይችላል። ዓመታት ቆይቶ የሚመጣው «ኦቨርፔይመንት» የሚባለው፣ በትርፍ የተከፈለዎትን ይመልሱ የሚል ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ አያስተኙት። ውሳኔው ስህተት ነው ብለው ካሰቡ በ60 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይ ይጠይቃሉ፤ ክፍያዎ ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ነው የሚል ከሆነ ግን በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካሉ ውሳኔ እስኪሰጥ ክፍያው እንዳለ ይቀጥላል። ዕዳው ትክክል ቢሆንም ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነና መክፈል ኑሮዎን የሚያናጋ ከሆነ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ቀነ ገደብ የለውም፤ ቅጹ 632 ይባላል። መሰረዙ ካልተፈቀደ በወር የሚቆረጠው እንዲያንስ ይደራደሩ።

ስልኩ 1-800-772-1213 ነው። «አማርኛ» ካሉ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርቡልዎታል፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም። የደወሉበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስምና የተባሉትን ይጻፉ። ወረቀት ቢሮ ሲያስገቡ ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳይቀበሉ አይውጡ።